ስቶሩ ሞልቷል፣ ደንበኛ የሚፈልገው ግን የለም፦ ማስተር ፕላንህ ለምን በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ኮምቦልቻ ውስጥ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግና ጀሪካን በሚያመርት የፕላስቲክ ፋብሪካ ፕላኒንግ ክፍል ይሠራል። «በየወሩ መጀመሪያ ማስተር ፕላን አወጣለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል። ስቶሩ እስከ ጣሪያው ሞልቷል፣ ደንበኛ የሚፈልገው ግን ሁልጊዜ የለም። ደሴ ያለው ማከፋፈያ መጋዘናችንም እንደዚያው ነው። ባለቤቱ ኢአርፒ (የፋብሪካውን ሥራ ሁሉ የሚያያይዝ የኮምፒውተር ሲስተም) እንግዛ ይላሉ። የሴፍቲ ስቶክ (የመጠባበቂያ ክምችት) ቀመር ያላችሁ ስጡኝ» ይላል።

አብሽር ወንድሜ። ቀመሩ ታች አለ፣ እሰጥሃለሁ። ግን ቀመሩን ዛሬ ብታስገባው ነገም ስቶርህ ሞልቶ እቃ ይጠፋል። የአንተ ችግር የመጠባበቂያ ክምችት ማነስ አይደለም። እቅድህን ማንም በፈለገው ሰዓት ይቀይረዋል፣ ሽያጭ ክፍሉ ደግሞ ስቶር ውስጥ የሚያየውን ሁሉ ያልተሸጠ እየመሰለው ቃል ይገባል። እነዚህ ሁለቱ ካልተዘጉ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ብዙ ፋብሪካ «ስቶር ሞላ» ሲባል ምርት ይቀንሳል፣ «እቃ የለም» ሲባል ኦቨርታይም ያዛል። ሁለቱን እንደ ሁለት ችግር ያያቸዋል። አንድ ናቸው። ኢንጀክሽን ማሽኑ ባለፈው ሳምንት ማንም ያልጠየቀውን አረንጓዴ ሳፋ ሲያወጣ የዋለበት ሰዓት ነው ዛሬ ለቀይ ባልዲ የጠፋው። ጥሬ እቃውም፣ ገንዘቡም፣ የመጋዘኑ ቦታም አብሮ ሄዷል።

አሁን ወደ ፕላንህ። «ጥቅምት፦ ጀሪካን 3,000፣ ሳፋ 5,000፣ ባልዲ 4,000» የሚል ከሆነ ያ የወር ኢላማ ነው፣ ማስተር ፕሮዳክሽን ስኬጁል አይደለም። የፈረቃ ኃላፊው «ሳፋ 5,000» ብሎ ምን ያድርግ? የትኛው መጠን? ምን ቀለም? በየትኛው ሳምንት? ያልተነገረውን እሱ ራሱ ይሞላዋል፣ ሲሞላው ደግሞ የሚቀለውን ይመርጣል። ማሽኑ ላይ የተሰቀለውን ሞልድ (የእቃውን ቅርጽ ማውጫ) ሳያወርድ፣ ቀለሙን ሳይቀይር የወሩን ቁጥር ይደፍናል። አትፍረድበት፣ የምትመዝነው በቁጥር ነው። ማስተር ስኬጁል ማለት የትኛው እቃ፣ በምን መጠንና ቀለም፣ ስንት፣ በየትኛው ሳምንት ተመርቶ ስቶር እንደሚገባ የሚናገር ነው።

በሳምንት አቅድ ስልህ ለዝርዝሩ ብቻ አይደለም። የእኛ ወር ለትንበያ አስቸጋሪ ነው። ፓጉሜን አምስት ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት፤ አንዳንዱ ከነሐሴ ጋር ይደምራታል፣ አንዳንዱ ለብቻዋ ያስቀምጣታል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ይረሳታል። ባንኩና አቅራቢው በፈረንጅ ወር ይጽፋሉ፣ ሽያጭ ክፍሉ በእኛ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወሎ ውስጥ እየኖርክ ረመዳንን ሳታስብ ትንበያ መሥራት አትችልም። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። በ2017 የካቲት 22 ነበር የገባው፣ በ2018 ደግሞ የካቲት 11። ስለዚህ ኤክሴልህ «ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ይህን ያህል ጆግና የውዱእ ማንቆርቆሪያ ሸጠናል፣ ዘንድሮም መጋቢት ላይ እንዲያው ነው» ካለህ ጅምላ ነጋዴው ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነው የምታመርትለት። ነጋዴው የሚገዛው ጾሙ ሲገባ እኮ አይደለም፣ ቀደም ብሎ ነው። ለእንዲህ ዓይነት እቃ ሳምንቶቹን ከረመዳን መግቢያ ወደኋላ እየቆጠርክ አነጻጽር፦ ከመግባቱ አራት ሳምንት በፊት፣ ሦስት ሳምንት በፊት እያልክ። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ደግሞ ቀኑ አይንቀሳቀስም፤ ለጸበል የሚገዛው ትንሹ ጀሪካን ያኔ ነው የሚሄደው፣ ይህን በቀላሉ በቀኑ ታስገባዋለህ።

አሁን ሰንጠረዡ። አንድ እቃ ብቻ ልውሰድ፣ ቢጫ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያወጣኋቸው ናቸው፣ የራስህን ተካበት። ዛሬ ስቶር ውስጥ 1,000 አለ። አንዴ ሞልዱ ከተሰቀለ 1,500 ይመረታል። ከ200 በታች እንዲወርድ አንፈልግም። የየሳምንቱን ፍላጎት ስንቀንስ ከትንበያውና ከተያዘው ትዕዛዝ ትልቁን እንወስዳለን።

ሳምንት 1፦ ትንበያ 600፣ የተያዘ ትዕዛዝ 750፣ ምርት የለም፣ የሚተርፈው 250
ሳምንት 2፦ ትንበያ 600፣ ትዕዛዝ 500፣ ምርት 1,500፣ የሚተርፈው 1,150
ሳምንት 3፦ ትንበያ 700፣ ትዕዛዝ 300፣ ምርት የለም፣ የሚተርፈው 450
ሳምንት 4፦ ትንበያ 700፣ ትዕዛዝ 400፣ ምርት 1,500፣ የሚተርፈው 1,250
ሳምንት 5፦ ትንበያ 900፣ ትዕዛዝ 100፣ ምርት የለም፣ የሚተርፈው 350
ሳምንት 6፦ ትንበያ 900፣ ትዕዛዝ ገና የለም፣ ምርት 1,500፣ የሚተርፈው 950

አንድ ደንበኛ ከደሴ ፒያሳ ደውሎ «በዚህ ሳምንት 600 ጀሪካን እፈልጋለሁ» አለ እንበል። የሽያጭ ሠራተኛው ስቶር ኪፐሩን ይጠይቃል። «ስንት አለ?» «1,000 አለ።» «በቃ ይምጣ፣ ይጫን።» የፋብሪካህ ጠብ የሚጀምረው እዚህች ቦታ ላይ ነው። 1,000 መኖሩ እውነት ነው፣ ግን 750ው ባለቤት አለው። 600ውን ከሰጠህ 400 ይቀርሃል፣ ቀድሞ ላዘዘው ሰው 350 ይጎድልበታል፣ እሱ ይደውላል፣ ባለቤቱ ይሰማሉ፣ የነገው ፕላን ይፈርሳል። መናኸሪያ የቆመ አውቶብስ ውስጥ ባዶ ወንበር ስላየህ ትኬቱ አልተሸጠም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ሽያጭ ክፍሉ ማየት ያለበት ቁጥር ሌላ ነው፤ ለሽያጭ ነፃ የሆነው። አሰላሉ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ስቶር ውስጥ ካለው ላይ ቀጣዩ ምርት እስኪገባ ድረስ የተያዙትን ትዕዛዞች ትቀንሳለህ፦ 1,000 ሲቀነስ 750፣ 250 ነፃ ነው። ከዚያ በኋላ ምርት በሚገባበት ሳምንት ሁሉ ከምርቱ ላይ እስከ ቀጣዩ ምርት ያሉትን ትዕዛዞች ትቀንሳለህ። ሳምንት 2 ላይ 1,500 ሲቀነስ 500 እና 300፣ 700 ነፃ ነው። ሳምንት 4 ላይ 1,500 ሲቀነስ 400 እና 100፣ 1,000 ነፃ ነው። ሳምንት 6 ሙሉው 1,500 ነፃ ነው። ልብ በል፣ እዚህ ስሌት ውስጥ ትንበያ የለም፣ በእጅ የተያዘ ትዕዛዝ ብቻ ነው። እንግዲህ ለደሴው ደንበኛ የሚሰጠው መልስ «250 ዛሬ ውሰድ፣ 350 በሚቀጥለው ሳምንት ትወስዳለህ» ነው። ደንበኛ በዚህ አይከፋም። የሚከፋው «አለ» ተብሎ አይሱዙ ይዞ መጥቶ ግማሹን ጭኖ ሲመለስ ነው።

ይህችን የነፃ ቁጥር ወረቀት በየጠዋቱ ለሽያጭ ክፍሉ ስጥ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታደርግ ከሆነ ይህን አድርግ።

ቀጥሎ የመዝጋት ነገር። ከዛሬ ጀምሮ ያሉት የተወሰኑ ሳምንታት ዝግ ይሁኑ። ስንት? ከመጽሐፍ አትቅዳ። ጥሬ እቃና ማስተርባች (ለፕላስቲኩ ቀለም የሚሰጠው ፍሬ) ለማዘጋጀት፣ ሞልድ ለመፈተሽ፣ ሰው በፈረቃ ለመመደብ የሚወስድብህ ጊዜ ነው ርዝመቱ። ለእንዳንተ ዓይነት ፋብሪካ ሁለት ሳምንት ጥሩ መነሻ ይመስለኛል። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ውስጥ እቃም ቁጥርም አይቀየርም። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት መለዋወጥ ይቻላል፣ ግን በአንድ ሞልድና በአንድ ጥሬ እቃ ውስጥ፤ ለምሳሌ ሰማያዊ ሳፋን በቀይ መተካት። ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍት ነው፣ እንደፈለግህ አሻሽለው።

«ባለቤቱ ደውለው የእከሌን 300 ቀይ ሳፋ ነገ አውጡልኝ ሲሉኝስ?» ትለኛለህ። እምቢ በላቸው አልልህም፣ ፋብሪካው የሳቸው ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ይዘህ ግባ። ይህን ካስገባን ይህኛው ይወጣል፤ የዚህ ደንበኛ እቃ እስከዚህ ቀን ይዘገያል፤ የሞልድና የቀለም ቅየራው ይህን ያህል ሰዓትና ይህን ያህል ኪሎ ጥሬ እቃ ይበላል። ከታች የፊርማ ቦታ። ከፈረሙ ታደርጋለህ። በዝግ ሳምንት ላይ ለውጥ የሚፈርም ሰው አንድ ብቻ ይሁን፤ ምርት ኃላፊውም ሽያጭ ኃላፊውም አይፈርሙ። ብዙ ጊዜ ወረቀቱን ያዩ ባለቤት «እስቲ ለሚቀጥለው ሳምንት አድርገው፣ ሰውዬውን እኔ አናግረዋለሁ» ይላሉ። በተጨማሪ ቅዳሜ ከሰዓት ያለችውን ፈረቃ በፕላኑ ላይ ባዶ ተዋት። ድንገተኛ ትዕዛዝ ይመጣል፣ አይመጣም ብለህ አትከራከር። ካልመጣ የሚቀጥለውን ሳምንት ሥራ ትጀምርባታለህ።

አቅም ላይ እንምጣ፣ እዚህ ብዙ ፕላነር በወረቀት ይሞኛል። ሦስት ፈረቃ በስምንት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ 144 ሰዓት። ጀሪካኑ በደቂቃ አንድ ከወጣ 1,500ው 25 ሰዓት ነው፣ እንዲህ እያልክ 144ቱን ትሞላለህ። ከዚያ ማክሰኞ መብራት ይጠፋል። መብራት 20 ደቂቃ ጠፍቶ ሲመጣ የጠፋብህ 20 ደቂቃ አይደለም። በርሜሉ ውስጥ ቀልጦ የነበረው ፕላስቲክ ይቀዘቅዛል፣ ሂተሮቹ እንደገና እስኪያሞቁት ትጠብቃለህ፣ ማሽኑ ሲነሳ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እቃዎች ጎዶሎ ወይም የተቃጠሉ ሆነው ይወጡና በቀጥታ ወደ ክሬሸር (መፍጫው ማሽን) ይሄዳሉ። ስለዚህ ያለፉትን ስምንት ሳምንታት የፈረቃ ሪፖርት አውጣ፤ እያንዳንዱ ማሽን በእውነት ስንት ሰዓት ደህና እቃ እንዳወጣ ቁጠር። አማካዩ 95 ሰዓት ከሆነ ፕላንህ 95 ላይ ይቁም። 144 ላይ አቅደህ 95 ካመረትክ በየሳምንቱ 49 ሰዓት ዕዳ ታሳድራለህ፣ ዕዳው ይንከባለላል፣ በሦስተኛው ሳምንት ላይ ፕላኑን የሚያምን ሰው አይኖርም።

ቀለም ቅየራው ደግሞ የዚህ ሥራ ዋና ምስጢር ነው። ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ሰማያዊ፣ መጨረሻ ጥቁር፤ እንዲህ ከሄድክ ቅየራው ቀላል ነው፣ ጥቂት ኪሎ ታፈሳለህ ያልቃል። ከጥቁር ወደ ነጭ ከተመለስክ ግን በርሜሉና ስክሩ ላይ የተጣበቀው ጥቁር እስኪወጣ ድረስ ማፍሰስ ነው፤ ጠራ ብለህ ስትጀምር ነጩ ሳፋ ላይ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ደግሞ ታቆማለህ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማሽን ቋሚ የቀለም ዙር አውጣ። ዙሩ ከብሩህ ይጀምራል፣ በጥቁር ያልቃል፣ ማሽኑ ከታጠበ በኋላ እንደገና ይጀምራል። በክሬሸር የተፈጨው ቅይጥም የሚገባው ጥቁሩ ላይ ስለሆነ መጨረሻ ላይ መሆኑ በሁለት በኩል ይጠቅምሃል። አንድ ዙር ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ካወቅህ ለሽያጭ ክፍሉም መልስ አለህ፦ «ቀይ ባልዲ ቀጥሎ የሚመረተው በዚህ ሳምንት ነው።» እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ መልስ ነጋዴው ራሱ ይወደዋል፣ ግዢውን በእሱ ያስተካክላል።

ስለ ክዳን አጭር ነገር። የጀሪካን ክዳን፣ የባልዲ እጀታ፣ ማስተርባች፣ ማሸጊያ ላስቲክ፤ እነዚህን አትተንብይ። በ1960ዎቹ ኤምአርፒ (የቁሳቁስ ፍላጎት ማቀጃ) የሚባለውን አሠራር ካስጀመሩት አንዱ የነበረው የአይቢኤሙ ጆሴፍ ኦርሊኪ ዋና ሐሳብ ይህ ነበር፦ ትንበያ ለሚሸጠው እቃ ብቻ ነው፣ ውስጡ ያለው ሁሉ በስሌት ይወጣል። 1,500 ጀሪካን ካቀድክ 1,500 ክዳን ነው፣ ለብልሽት ትንሽ ጨምረህ፣ ስቶር ያለውን ቀንሰህ። «ክዳን ሲያልቅ እንጠይቃለን» የሚል ስቶር ኪፐር ካለህ አንድ ቀን 1,500 ጀሪካን ያለ ክዳን ቆሞ ታያለህ።

እሺ፣ ቀመሩ። ለተመረተ እቃ መጠባበቂያ ክምችት ማለት የአገልግሎት ቁጥሩ ሲባዛ በሳምንታዊ የትንበያ ስህተት መደበኛ ልዩነት (ስህተቱ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚለካው፣ በኤክሴል STDEV) ሲባዛ በሊድ ታይሙ (እቃው እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ) ስኩዌር ሩት ነው። 95 በመቶ ጊዜ እንዳይጎድልህ ከፈለግህ የአገልግሎት ቁጥሩ 1.65 ነው። ጀሪካኑ በሁለት ሳምንት አንዴ ይመረታል፣ የሳምንት ስህተቱ መደበኛ ልዩነት 85 ነው እንበል። 1.65 በ85 በ1.41፣ ወደ 198 ይመጣል። ከላይ ሰንጠረዡ ላይ 200 ያልኩት ከዚህ ነው። ልብ በል፣ የስህተቱን ልዩነት ነው የምትወስደው፣ የሽያጩን አይደለም። ረመዳን ሽያጭ እንደሚጨምር አስቀድመህ ካወቅህና ካቀድክለት ጭማሪው ስህተት አይደለም።

ለጥሬ እቃ ግን ይህ ቀመር ጉድ ያደርግሃል። ለምን? የሊድ ታይሙን መዋዠቅ አያይም። የፕላስቲክ ጥሬ እቃህ ከውጭ ነው የሚመጣው። የውጭ ምንዛሪ ማግኘት፣ ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ)፣ መርከብ፣ ጅቡቲ ወደብ፣ ከዚያ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል። መንገዱ ለእኛ ከአዲስ አበባ ፋብሪካዎች ይቀርባል፣ ይህ ጥሩ ነው፤ ግን የሚያዘገይህ ከመኪናው ጉዞ በፊት ያለው ነው። ለዚህ የሚሆነው ቀመር እንዲህ ነው (ልዩነት ስል መደበኛ ልዩነቱን ነው)፦ የሊድ ታይሙ አማካይ ሲባዛ የዕለት ፍጆታ ልዩነት በራሱ ሲባዛ፤ በዚህ ላይ የዕለት ፍጆታ በራሱ ሲባዛ የሊድ ታይም ልዩነት በራሱ ሲባዛ ትደምራለህ፤ የድምሩን ስኩዌር ሩት በ1.65 ታባዛለህ።

በቁጥር እንየው። በቀን 2 ቶን ትጠቀማለህ፣ የፍጆታው ልዩነት 0.4 ቶን። እቃው በአማካይ በ90 ቀን ይደርሳል፣ ልዩነቱ 25 ቀን። የመጀመሪያው ክፍል 90 በ0.16፣ 14.4 ነው። ሁለተኛው 4 በ625፣ 2,500 ነው። ድምሩ 2,514.4፣ ስኩዌር ሩቱ 50 ገደማ፣ በ1.65 ሲባዛ 83 ቶን። አሁን የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ብትጠቀም፣ ማለትም ያቺን ሁሉም ሰው የሚቀዳዳትን ቀመር፣ የሚወጣልህ 6 ቶን ነው። በ6 ቶን ስንት ቀን ትቆያለህ? ሦስት።

ይህ ስሌት ከቁጥሩ በላይ አንድ ነገር ይነግርሃል። 83ቱን ቶን የሚያስይዝህ የማሽኖችህ ፍጆታ አይደለም፣ የመድረሻው ቀን አለመታወቅ ነው። 25ቱን ቀን ወደ 10 ብታወርደው መጠባበቂያው 34 ቶን ገደማ ይሆናል። 49 ቶን ጥሬ እቃ የሚያህል ገንዘብ ተለቀቀ ማለት ነው። ስለዚህ ጉልበትህን ወደዚያ አዙር፦ ሰነድ ቀድሞ ማጠናቀቅ፣ ትራንዚተሩን በየሳምንቱ መጠየቅ፣ አንድ ትልቅ ጭነት ከመጠበቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ ማዘዝ፣ የአገር ውስጥ አስመጪን እንደ ሁለተኛ ምንጭ መያዝ። የማዘዣ ነጥብህ (ክምችቱ እዚህ ሲወርድ የምታዝበት) ደግሞ 2 በ90 ሲደመር 83፣ 263 ቶን ነው። እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ 263ቱ ስቶር ውስጥ ያለው ብቻ አይደለም፣ ኤልሲ የተከፈተለትና መንገድ ላይ ያለውም ይደመራል። ስቶር ያለውን ብቻ ካየህ አንድን ጭነት ሁለቴ ታዛለህ።

በአንዴ ስንት ልዘዝ፣ በአንዴ ስንት ላምርት ለሚለው ፎርድ ሃሪስ በ1913 ያወጣው የኢኮኖሚ ትዕዛዝ መጠን ቀመር አለ፣ ታውቀዋለህ። ብዙ አትጨነቅበት። ከትክክለኛው መጠን በ50 በመቶ ብታልፍ እንኳ ከማዘዝና ከማከማቸት ወጪህ ላይ የሚጨምረው 8 በመቶ ገደማ ነው፤ እጥፍ ብታዝ 25 በመቶ። ስለዚህ በኮንቴይነሩ ወይም በቀለም ዙሩ አጠጋግተህ እለፈው።

የደሴው መጋዘን። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሐረጎን ወጥተህ ደረስክ። እንዲህ እየተቀራረቡ ሁለቱም ቦታ ሙሉ መጠባበቂያ መያዝ ገንዘብ መቅበር ነው። ሁለት ቦታ 200፣ 200 ይዘህ ከነበረ፣ ፍላጎቶቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ በአንድ ቦታ ሲሆን ለተመሳሳይ አገልግሎት 283 ይበቃሃል። መጠባበቂያውን ኮምቦልቻ አስቀምጥ፣ ደሴ የጥቂት ቀን ሽያጭ ይያዝ፣ መኪናው በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ቋሚ ጉዞ ይኑረው። ሌላው ደግሞ የደሴን ትዕዛዝ እንደ ፍላጎት አትቁጠረው። የመጋዘኑ ኃላፊ እቃ ይጠፋብኛል ብሎ ስለሚፈራ 200 ሲያስፈልገው 600 ይጠይቃል፣ አንተ «ደሴ ፍላጎት ጨመረ» ብለህ ታመርታለህ፣ በሚቀጥለው ወር ምንም አያዝም። የምትፈልገው ቁጥር ያዘዘው ሳይሆን በየቀኑ ለደንበኛ የሸጠው ነው። በየማታው በቴሌግራም ይላክልህ፣ ሌላ ሲስተም አያስፈልገውም።

ከሽያጭ ክፍሉ የሚመጣው ትንበያም ይኸው በሽታ አለበት። ምርት ክፍል ይቀንስብናል ብለው ጨምረው ይጽፋሉ፣ ምርት ክፍል ጨምረዋል ብሎ ይቀንሳል። መድኃኒቱ መለካት ነው። ለእያንዳንዱ እቃ ስህተቶቹን ከነምልክታቸው ደምር፣ ድምሩን ለአማካይ ፍጹም ስህተቱ (ምልክታቸው ሳይታይ ለሚወጣው አማካይ) አካፍል። ከ4 ካለፈ ወይም ከ-4 ከወረደ ትንበያው ወደ አንድ ወገን እያጋደለ ነው፣ ሰውዬውን ቁጭ አድርገህ አነጋግረው። ቁጥሩን በስሙ ሲያየው ያስተካክላል።

ስለ ኢአርፒ እንግዲህ። አሁን አትግዙ። ከሲስተሙ በፊት ቢን ካርድህ (የእያንዳንዱ እቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት የስቶር ካርድ) እውነት ይናገር። ነገ ጠዋት ሄደህ ሃያ እቃ መርጠህ ቁጠርና ከካርዱ ጋር አስተያይ። ከሃያው ስንቱ ገጠመ? አስራ ዘጠኙ ካልገጠመ፣ ማለትም 95 በመቶ ካልሞላ፣ ከላይ የጻፍኩልህ ሰንጠረዥ ሁሉ የሚጀምረው ከውሸት ቁጥር ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሌብነት አይደለም። «ቆይ ነገ ይወራረዳል» ተብሎ ያለ ማዘዣ የወጣ እቃ ነው፣ ተመልሶ የገባና ያልተመዘገበ ነው፣ ሁለተኛ ደረጃ የሆነ ሳፋ ከአንደኛው ጋር ተደባልቆ ነው። የዓመት ቆጠራን አትጠብቅ። ገንዘብ የያዙትን ጥቂት እቃዎች በየሳምንቱ፣ መካከለኞቹን በየወሩ፣ የቀረውን በዓመት ሁለቴ አስቆጥር፤ ልዩነት በተገኘ ቁጥር ደግሞ ካርዱን ከማስተካከል በፊት ምክንያቱን ፈልጉ።

አሁን ስቶሩን የሞላውን እቃ በሦስት ክፈለው። በሚቀጥሉት ስምንት ሳምንታት የሚሸጠው ይቆይ፣ ግን በፕላኑ ላይ እስኪያልቅ ድረስ ምርቱ ዜሮ ይሁን። ቀስ ብሎ የሚሄደው በቅናሽ ከፈጣን እቃ ጋር ተደምሮ ለባቲና ለሐይቅ ነጋዴ ይውጣ። ማንም የማይፈልገው ቀለም ወደ ክሬሸር ይሂድ። ባለቤቱን ይህ ያማቸዋል፣ አውቃለሁ። ጉልበቱና መብራቱ ባክኗል፣ ግን ጥሬ እቃው በምንዛሪ የተገዛ ነው፤ ተፈጭቶ ጥቁር ባልዲ ከሆነ ይሸጣል፣ አረንጓዴ ሳፋ ሆኖ ከተቀመጠ አይሸጥም።

ኤክሴል ለአሁኑ ይበቃሃል። ለእያንዳንዱ እቃ አንድ ገጽ፣ ከላይ ያየኸው ሰንጠረዥ፣ እና ሁሉም ገጾች ተደምረው የማሽን ሰዓቱን የሚያሳዩበት አንድ ገጽ። በጣም የሚሸጡትን አምስት እቃዎች ብቻ ይዘህ በሚቀጥለው ሰኞ ጀምር፣ ሌሎቹ እንደ ድሮው ይሂዱ። ሁለት ወር ከሠራልህ በኋላ ሲስተም የሚሸጥ ሰው ሲመጣ ጥሩ ጥያቄ ትጠይቀዋለህ። ነፃ የሆነውን ቁጥር ለሽያጭ ሠራተኛው ስክሪን ላይ ያሳያል ወይ? ዝግ ሳምንት ላይ ለውጥ ሲገባ ከአንድ ሰው ፈቃድ ውጭ ይከለክላል ወይ? የእኛን ቀን መቁጠሪያ ከነፓጉሜኑ ይዟል ወይ? ደግሞም ዴሞውን በእሱ ናሙና ዳታ እንዳታይ፤ የራስህን አምስት እቃ ፋይል ስጠውና በዚያ ላይ አሳየኝ በለው።